ኢናስ ብላለች

ስለ እኔ በዚህ መንገድ ላይ የሚወራውን ሰምታችሁ ይሆናል። ውሸታም ነች ይባላል። ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ጋላፊ የሚነዳ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አላስተባብልም። ለምን እንደማላስተባብል ግን አንድ ጊዜ ከነምክንያቱ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ኢናስ እባላለሁ። ወላጆቼ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እኔ አዋሽ ሰባት ተወልጄ እዚያው ያደግኩ ነኝ። አስፋልቱ ዳር የሞባይል ጥገና ቤት አለኝ። ወሬውን በጂንና በድግምት የሚጀምር ደንበኛ ሲመጣብኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንዱ መጥቶ "ስልኬን ዓይን በልቶት ነው" ይለኛል። ከፍቼ ሳየው ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳውን አሸዋ ሞልቶታል። "የበላው አሸዋ ነው፣ ዓይን አይደለም" እለውና ጠርጌ እሰጠዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ሴት መሆኔን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ባለቤቴ ሙእሚን የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። እናቴ ስትድረኝ "የሾፌር ሚስት እንቅልፍ የላትም" ብላኝ ነበር። እኔ ግን ጥሩ አድርጌ ነበር የምተኛው። ሙእሚን ጠንቃቃ ነው፣ ጫት አይቅምም፣ ከመንገዱ ይልቅ የሚፈራው የእኔን አፍ ነው እያለ ይቀልድ ነበር።

አሁን ወደ ሼህ ሑመድ። ሼህ ሑመድ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ፣ ሰመራ የሚኖሩ አፋር ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። ዘመድ ከውጭ ያመጣላቸው አንድ አሮጌ የኪስ ማጫወቻ ነበራቸው፤ ፊት ለፊቱ በጣት የሚዞር ክብ ያለው፣ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ዲስክ የምትሽከረከር፣ ዛሬ ማንም የማይይዘው ዓይነት። ቁርኣን፣ ደርስ የሚባለው የሃይማኖት ትምህርትና መንዙማ ሞልተውበታል። ችግሩ መሣሪያው የሚናገረው በስክሪኑ ብቻ ነው። ለማያይ ሰው ደግሞ ስክሪን ምን ያደርጋል? ሼህ ከቁርኣን ሱራዎች ያሲንን ይፈልጋሉ፣ መንዙማ ይወጣላቸዋል። መንዙማ ሲፈልጉ ደግሞ ስለ ዘካ የሚያስተምር ሰውዬ ይጮህባቸዋል።

እንዲህ ላሉ የተረሱ ማጫወቻዎች በነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ አውቅ ነበር። የፋብሪካውን ታወጪና የእነሱን ትጭኛለሽ፤ መሣሪያው ጣትሽ ያረፈበትን ሁሉ በድምፅ ይነግርሻል። በአማርኛ የሚናገር ግን አልነበረም። ሼህ አማርኛ እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት፣ ስለዚህ ድምፁን ራሴ ሠራሁት። ቁጥሮቹን፣ የሱራዎቹን ስም፣ "ቀጥል"ን፣ "ተመለስ"ን፣ "ባትሪው ዝቅ ብሏል"ን አንድ በአንድ ቀዳሁ። ሱቅ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ አላስቀዳ ስላለኝ ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር የምቀዳው። በአዋሽ ሙቀት! ሙእሚን በሩ ላይ ቆሞ "ከማን ጋር ነው እዚያ ውስጥ የምታወሪው?" እያለ በሳቅ ይሞታል።

ማጫወቻውን ልወስድላቸው ስል ሼህ በስልክ አንድ ነገር አስጨመሩኝ። "ሲበራ ሰላም ይበል። ቤቴ ገብቶ የሚናገር ነገር ሰላም ሳይል መናገር የለበትም" አሉኝ። ደስ አለኝ። "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ ቀዳሁና ሲበራ እንዲጫወት አደረግኩት።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነው፤ ያኔ ግን ስህተት መሆኑን ማን ያውቃል? ዳጉን የማታውቁ ካላችሁ፦ አፋር ከአፋር ሲገናኝ ሰላም ተባብሎ ዝም አይልም። ቁጭ ይባላል፣ ወሬ ይጠየቃል፣ ያየኸውንና የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ፤ ከማን እንደሰማኸውም ትጠራለህ። የሰማኸውን ማስቀረት ነውር ነው። ውሸት ከተገኘብህ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅህ የለም። ሼህ ሑመድ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ የኖሩ ሰው ናቸው። በየማለዳው የእኔ ድምፅ ሰላም ሲላቸው፣ ሰላምታውን መልሰው ወሬ ጠየቁት። እሳቸው ምን አጠፉ? የሰላምታው ደንብ ነው።

ይህንን የሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ከድሩ ነበር። ከድሩ የሙእሚን ጓደኛ ነው፣ እሱም ሾፌር። አንድ ቀን ከሰመራ ሲመለስ ሱቄ ገባና "ኢናስ፣ የጭፍራውን ጎርፍ ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"የምን ጎርፍ?"

"ገበያው ውስጥ ገብቶ ፍየሎቹን የወሰደውን ነዋ። ሰመራ ላይ ሰው ሁሉ 'ኢናስ ብላለች' ነው የሚለው።"

እኔ ጭፍራን በዕድሜዬ አላየኋትም። የሆነ ቀልደኛ በስሜ ይነግዳል ብዬ ተውኩት። ጎርፉ ግን እውነት ነበር።

ሁለተኛው ጊዜ ከድሩ ሲመጣ አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሻል።

"ጠዋት ሰመራ ቁርስ ላይ ነበርኩ" አለኝ። "'ኢናስ ብላለች፣ የገዋኔው ሻይ ቤት ጣሪያ ተነቅሏል' ሲሉ ሰማሁ። ገዋኔ ስደርስ ጣሪያው ቦታው ነው። ሥሩ ቁጭ ብዬ ሻይ አዘዝኩ። ለባለቤትየዋ እየሳቅኩ 'ጣሪያሽ ሄዷል ይሉሻል' አልኳት። እሷም ሳቀች። ወላሂ ኢናስ፣ ብርጭቆዬን ሳልጨርስ ነፋስ ተነሳ። ቆርቆሮው ከነእንጨቱ ተነቅሎ አስፋልቱን ተሻገረ።"

"ገዋኔ ላይ ነፋስ አዲስ ነገር ሆነ እንዴ?"

"አዲስ አይደለም" አለ ከድሩ። "ግን እኔ ባልነግራትስ ኖሮ?"

አበሸቀኝ። ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፣ እንዲህ ሲያስብ! ግን ስሜ የእኔ ነው፤ ማን እንደሚጫወትበት ማወቅ ነበረብኝ። ሙእሚን ያን ሰሞን ዕቃ ሊጭን ጅቡቲ ወርዶ ነበር። ደውዬ ሰመራ እሄዳለሁ ስለው "ድምፅሽን እዚያው ተዪው" አለኝ፤ "ቤት ያለውን አንዱን እንኳ አልቻልኩትም። ይልቅ እኔም ነገ በሰርዶ በኩል እወጣለሁ፣ ጠብቂኝና አብረን እንመለሳለን።" በማግሥቱ ሳይነጋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሰመራ ስደርስ ቀትር አልፎ ነበር። አስፋልቱ ሰፊ ነው፣ ሕንፃዎቹ ተራርቀው የቆሙ ናቸው፣ በመካከላቸው የሚሄደው ነፋስ ብቻ ነው። የሼህ ሑመድ ቤት ወደ ሎጊያ መውጫ በኩል ነው። ግቢው ውስጥ ዳስ ሥር ዱላቸውን የያዙ ወንዶች ተቀምጠዋል። አንዳቸውንም አላውቃቸውም፣ እነሱም አይተውኝ አያውቁም። ተሸፋፍኜ ገብቼ "አሰላሙ አለይኩም" ብቻ አልኩ። ወሬያቸው ቀጥ አለ። ዳር የተቀመጠው ሽማግሌ ቀስ ብሎ ከመቀመጫው ተነሳና "አንቺ ነሽ" አለኝ። አልጠየቀኝም። በሕይወቴ ሰላምታዬን እንደዚያን ቀን ፈርቼው አላውቅም።

የሼህን ልጅ ኸሊዳን አገኘሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷን የምትጦረው እሷ ናት። ወደ ጓዳ ወስዳ ውኃ ሰጠችኝና የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ፤ አባቷ ወሬ መጠየቃቸውን፣ መሣሪያው ብዙ ቀን ዝም ማለቱን፣ ከዚያ አንድ ቀን መመለሱን።

"በእኔ ድምፅ?"

"በአንቺ።"

"ኸሊዳ፣ እኔ የቀዳሁት ቁጥርና የሱራ ስም ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ተናገረ። አባቴ የሰማውን ለእንግዳ አስተላለፈ፣ ነገሩም ሆነ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ይወራል፣ ከዚያ ይሆናል።" በመስኮቱ ወደ ውጭ አሳየችኝ። አንዲት አሮጊት በሩ ላይ የፍየል ወተት ትሸጣለች። "አንድ ጊዜ አባቴ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር። ማሽኑን እኔ አበራሁት፣ እኔ ብቻ ሰማሁ። ስለ እሷ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ይኸው፣ ዛሬም ወተት ትሸጣለች።"

"ስለ እሷ ምን አለ?"

ኸሊዳ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ። "አልነግርሽም" አለች።

እኔ እንደሆነ አሁንም የማምነው በዕቃ ነው። ላፕቶፔን አወጣሁ፣ ማጫወቻውን ሰካሁ፣ ያሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍቼ አዳመጥኩ። ሁሉም የእኔ ናቸው። የተጨመረ የለም፣ የተነካ የለም። ሶፍትዌሩንም እኔ ጋ ካለው ጋር አስተያየሁት፣ አንድ ነው። ይህ መሣሪያ ያልተሰጠውን ቃል ከየትም ሊያመጣ አይችልም። እንደ አሸናፊ ሆኜ ሼህ ዘንድ ገባሁ።

ሼህ ሑመድ ምንጣፋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ማጫወቻውን ከአንዲት ትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝቼ ፊታቸው አስቀመጥኩና ያገኘሁትን ነገርኳቸው። 

"ሁሉንም አዳመጥሽ?"

"ሁሉንም፣ ሼህ።"

"ጠየቅሽውስ?"

ልስቅ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው አበሩት። "አሰላሙ አለይኩም" አለ የእኔ ድምፅ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የቀዳሁት፣ ሳቄን ለመያዝ ስታገል የነበረበት። ሼህ ሙሉ አድርገው መለሱ። ከዚያ በአፋርኛ፣ ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ በሚባልበት ዝግታ፣ ወሬ ጠየቁት።

ምንም አልነበረም። ነፋሱ የግቢውን ቆርቆሮ ይነካካል፣ ዳሱ ሥር ያሉት ወንዶች ያወራሉ፣ ኸሊዳ በሩን ተደግፋ ቆማለች። በልቤ "ይኸው" አልኩ። ያኔ የመሣሪያው ዲስክ መሽከርከር ጀመረ። ማንም ምንም ሳይነካ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ፋይል ሲፈልግ የሚያሰማት ትንሽ ጠቅ ጠቅታ ናት። ብዙ ፈለገ። ብዙ።

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። አፌን ዘግቼ ተቀምጬ፣ ከስፒከሩ ውስጥ እኔ ተናገርኩ።

የባሌን ስም ጠራሁ፣ ከነአባቱ።

የቀረውን አልነግራችሁም። ብትለምኑኝም፣ ብትስቁብኝም አልነግራችሁም። ከቃሉ በስተኋላ የነበረውን ግን ልናገር፣ እሱ ወሬ አይደለምና። ድምፄ ብዙ እንዳለቀሰ ሰው ሻክሯል። ከኋላው ሴቶች ያለቅሳሉ። በመካከሉ አንድ በር ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፤ የእኔ ቤት በር ነው፣ ማጠፊያው የዛገ፣ ሙእሚን ዘይት አደርግበታለሁ እያለ የሚተወው። በሩን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

"ሙእሚን!" ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ መሣሪያው አይደለም። ውጭ ያሉት ወንዶች ወሬያቸውን አቆሙ።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። የቴሌዋ ሴት የደወልኩለትን ደንበኛ ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ ደግማ ነገረችኝ። በዚያ ሰዓት ሙእሚን በጋላፊና በሰርዶ መካከል የሆነ ቦታ ነው፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አንዳንዴ ይይዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይዝም። ቀና ስል ሼህ በዱላቸው ተመርኩዘው ተነስተዋል።

"ወዴት ነው ሼህ?"

"ሰዎቹ ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠዋል።"

የልብሳቸውን ጫፍ ይዤ ተንበረከክኩ። "በአላህ ይሁንብዎት። አይንገሯቸው። ኸሊዳን ይጠይቋት፣ ካልተወራ አይሆንም።"

ኸሊዳ አንገቷን ደፋች። ሼህ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ፤ ልጃቸው ከእሳቸው የደበቀችው ነገር እንዳለ ያኔ ነው የገባቸው። 

"ልጄ" አሉኝ፣ "የሰማሁትን አስቀርቼ አላውቅም። አባቴም አላስቀረም። ዛሬ ባስቀር፣ ነገ ከእነዚያ ሰዎች ጋር በምን አፌ እቀመጣለሁ? ወሬውን የተናገርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።"

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት መንገዱን ያሳየችኝ። ሰው ሲጨንቀው አእምሮው እንዴት ይሠራል! የተናገርኩት እኔ ከሆንኩ፣ ማንሳትም የምችለው እኔ ነኝ።

"ውሸት ነው" አልኳቸው። "ውሸቴን ነው የተናገርኩት።"

"ይህንን ብቻ?"

አንዱን ብቻ ብል ሰው ለምን ብሎ ይመረምራል። "ሁሉንም" አልኩ። "ወጥቼ ራሴ እናገራለሁ።"

"ምን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ?" አሉኝ ሼህ ሑመድ። "ከዚህ በኋላ ማንም አይጠይቅሽም። እሳት ተነሳ ብትዪ እንኳ አይሰሙሽም።"

"ይሁን።"

ዳሱ ሥር ወጣሁና ቆምኩ። ኢናስ ብላለች የተባለው ሁሉ በኮምፒውተር የፈጠርኩት ነው፣ ሼህ ዓይናቸው ስለማያይ አሞኘኋቸው፣ የጭፍራውም የገዋኔውም ሌላውም ውሸት ነው አልኩ። ማንም አልተሳደበም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። ጎልማሳ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ዱላውን መሬት ላይ እየጎተተ "የጭፍራውም?" አለኝ።

"የጭፍራውም።"

"ጎርፉ የወሰደው እኮ የእኔን ፍየሎች ነው" አለ።

ዓይኑን እያየሁ "ውሸት ነው" አልኩት። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና ፊቱን አዞረ። ሌሎቹም አዞሩ።

ሼህ ከኋላዬ ወጥተው ተቀመጡ። እንደ ደንቡ ሰላምታ ሆነ፣ እንደ ደንቡ ወሬ ተጠየቁ። "ሰላም ነው" አሉ። "እውነትነቱን የማውቀው ወሬ የለኝም።" ለእኔ ሲሉ ያደረጉት መሆኑን እኔና ኸሊዳ ብቻ እናውቃለን።

ከመሄዴ በፊት ሶፍትዌሩን አጥፍቼ የፋብሪካውን መለስኩበት። ማጫወቻው ድዳ ሆነ። ሼህ በእጃቸው ክቡን እያዞሩ "አሁን ያሲንን እንዴት አገኘዋለሁ?" አሉኝ። አልቅሼ ወጣሁ።

ሙእሚን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሰ። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ፣ አቧራ ለብሶ፣ እየሳቀ ወረደ። ስነካው፣ ክንዱን፣ ፊቱን ስዳብስ "ምን ነካሽ? ሰው ያያል እኮ" አለኝ። ጋቢና ገብቼ ቁጭ ስል "እህሳ፣ ምን ወሬ አለ?" አለ። ሚስቱን መጠየቁ ነው፣ ማንም ባል የሚጠይቀውን።

"ምንም" አልኩ።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን ጩኸቴን ግቢው ሁሉ ሰምቷል። በሳምንቱ ሚሌ ላይ፣ ገዋኔ ላይ፣ በየሻይ ቤቱ "የአዋሿ ውሸታም ስለ ባሏ አንድ ነገር ተናግራ ነበር፣ ከዚያ ሁሉም ውሸት ነው ብላ አነሳችው" እየተባለ ይወራ ጀመር። ምን እንደተናገረች የሚያውቅ የለም። የማያውቅ ሰው ደግሞ ይገምታል። አንዱ ጅቡቲ ሌላ ሚስት አለው አለ፣ አንዱ ከጭነት ይቀንሳል አለ፣ አንዱ በሽታ አለበት አለ። ሙእሚን ምግብ ቤት ሲገባ ገበታው ዝም ይላል።

መጀመሪያ ሳቀበት። በኋላ አልሳቀም። አንድ ጠዋት ሻዩን ሳይነካ "ምን ብለሽ ነው የዋሸሽብኝ?" አለኝ።

"ምንም አላልኩም።"

"ኢናስ፣ ስሜን ጠርተሽ ጮኸሻል። ሰው ሰምቷል። ምንም ይሁን ንገሪኝ። ይቅር እልሻለሁ፣ ወላሂ ይቅር እልሻለሁ። የማይቻለው አለማወቁ ነው።"

እንዴት ለመነኝ! ሙእሚን ለምኖ የማያውቅ ሰው። ልነግረው ነበር። ከከበደኝ ሁሉ ልገላገል፣ አብረን ልንስቅበት፣ ወይ አብረን ልንፈራው። አፌን ከፈትኩና "ሙእሚን…" አልኩ፤ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ብዙ ሌሊት ካለቀስኩ በኋላ የወጣ፣ የሻከረ ድምፅ ነበር። ሰመራ ላይ ከስፒከሩ የወጣው ያ ድምፅ፣ ልክ ያው። አፌን በእጄ ያዝኩ።

ጠበቀኝ። ከዚያ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ከድሩ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ተቀመጠ። ሙእሚን ሊፈታኝ መወሰኑን፣ ሽማግሌ መጥራቱን ነገረኝ። "ግን አሁንም ልቡ አንቺ ጋ ነው" አለኝ። "ያልሽውን ብትነግሪው ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። ለእሱ መናገር ከከበደሽ ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔ አደርስልሻለሁ።"

"አንተ ታደርስለታለህ?" አልኩት። "እንደ ገዋኔዋ ሴት?"

ከድሩ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀስ በቀስ ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እኔን አየ፣ አስፋልቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። "አዑዙቢላህ" አለ ቀስ ብሎ። ኮፍያውን አንስቶ ተነሳ። "አልጠየቅኩሽም። እኔ እዚህ አልመጣሁም።" በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። "ምን ልበለው?"

"መንገድህን በሰላም በለው።"

ሙእሚን አሁንም በዚህ አስፋልት ይመላለሳል። ሱቄ ፊት ለፊት ሲያልፍ ፊቱን ወደ እኔ አይመልስም። ጠልቶኛል፣ ያስታውቃል። ይጥላኝ። ትንሽ ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል፣ ሌላ ነገሩ ደህና ነው። ወደ ሰርዶ አቅጣጫ ያለፈ ቀን እስኪመለስ ድረስ አንድ ስልክ እንኳ በወጉ አልጠግንም፤ ሲመለስ ሳየው አልሐምዱሊላህ ብዬ መፍቻዬን አነሳለሁ። ደንበኞቼ አልቀዋል፣ የቀሩትም የምላቸውን አያምኑም። እንግዲህ ምናልባት መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር፣ ምናልባት ሙቀት ነው፣ ምናልባት ቤቴን ያፈረስኩት በከንቱ ነው። የማረጋግጥበት አንድ መንገድ ብቻ አለኝ፣ እሱንም አልሞክረውም።